ፎቶው ራሱ ይሂድ ወይስ በጣት ይገፋ?

የፒያሳው፦ ሰላም ጀማው። የወሎን ቦታዎች ለእንግዳ የምናሳይበት ድረ ገጽ እየሠራን ነው። አናቱ ላይ ፎቶዎች በአግድም ይደረደራሉ፤ ላሊበላ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ግሸን ማርያም፣ የደሴው አይጠየፍ አዳራሽ፣ የባቲ ሰኞ ገበያ። ፎቶዎቹ በየሦስት ሰከንዱ ራሳቸው ይለፉ ወይስ ሰው በጣቱ ይግፋቸው? ገጹ የሁላችንም ነው፣ ሐሳብ ወርውሩ።

የሸዋበሩ፦ ይሂድ እንጂ! የቆመ ፎቶ ማን ያያል? ሥራውም ቀላል ነው። በአንድ ረድፍ ደርድራቸው፣ ገጹን በሚያንቀሳቅሰው የኮድ ቋንቋ በጃቫስክሪፕት፣ ሰትኢንተርቫል የሚባለውን በየጊዜው የሚደጋገም ትእዛዝ ጻፍ፣ በየ3000 ሚሊሰከንዱ የአንድ ፎቶ ስፋት ያህል ወደ ግራ ይገፋል። የመጀመሪያውን ፎቶ ቅጂ ጭራው ላይ ቀጥል። እዚያ ሲደርስ ያለ አኒሜሽን ወደ መጀመሪያው ትመልሰዋለህ፤ ተመልካቹ አይነቃም።

የኮምቦልቻዋ፦ ወንድሜ፣ መሥራቱንማ ይሠራል። ግን የግሸንን ጽሑፍ ማንበብ ስጀምር ባቲ ገበያ ከች ይላል። አምባው የመስቀል ቅርጽ እንዳለው እንኳ ሳላይ! ልጫነው ስል ይቀየርና ሌላ ገጽ ይከፈታል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያውም ራሱ ጀምሮ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ማቆሚያ ይኑረው ይላል።

የሸዋበሩ፦ ታዲያ ማቆሚያ ቁልፍ እንጨምራለና። ጣት ሲያርፍበትም ይቁም።

ልጅ ከሐይቅ፦ ስልኩ ራሱ የሚችለውን ነገር ለምን እንደገና እንጽፋለን? የፎቶዎቹን ሳጥን የገጹን መልክ በሚወስነው ቋንቋ በሲኤስኤስ ኦቨርፍሎው ኤክስ አውቶ አድርጉት፣ ወደ ጎን እንዲገፋ፤ ስክሮል ስናፕ ጨምሩበት። በጣት ሲገፋ እያንዳንዱ ፎቶ ልኩ ላይ ይቆማል። ጃቫስክሪፕት ለግራና ቀኝ ቀስቶቹ ብቻ ይበቃል፤ ሲጫኑ ስክሮልባይ የሚባለው ትእዛዝ የሳጥኑን ስፋት ያህል ይወስዳል። ኔትወርክ ተቆራርጦ ስክሪፕቱ ባይወርድም ፎቶው ይሄዳል።

ጋሼ ከወልድያ፦ ልጆቼ፣ ኮዱን እናንተ እወቁት። ግን 11 አብያተ ክርስቲያናት ይዛችሁ በሦስት ሰከንድ ሽው? ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ያየ ሰው፣ ቀጥሎ ጉድጓዱን ልይ ይላል። ተዉት ይየው! ደግሞ ገጹ እስኪከፈት ካርዴ ያልቃል።

የኮምቦልቻዋ፦ አብሽሩ ጋሼ፣ ካርድዎን የሚበላው መንሸራተቱ ሳይሆን ፎቶው ነው። ከካሜራ እንደወጣ አንዱ 5 ሜጋባይት ከሆነ አሥሩ 50 ነው። ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል አውርደን ዌብፒ በሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፎርማት እናስቀምጠው። ገና ያልታዩት በሌዚ ሎዲንግ ይጠብቁ፣ ሰው ሲደርስባቸው ብቻ ይውረዱ። ወርድና ቁመቱም ኮዱ ላይ ይጻፍ፤ አለዚያ ፎቶው ሲመጣ ጽሑፉ ወደ ታች ይዘላል። እሱ እንዴት እንደሚያናድድ!

የሸዋበሩ፦ እሱ ላይ ጠብ የለንም። ግን ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ በትልቅ ስክሪን ቢከፈትስ? እዚያ ማን ቆሞ በጣት ይገፋል?

ልጅ ከሐይቅ፦ ማጫወቻ ቁልፍ ይኑረው፣ ሲጫኑት ብቻ ይጀምር። ስልኩን እንቅስቃሴ ቀንስ ብሎ ያዘዘ ሰው ካለም ትእዛዙ ይከበር።

የሸዋበሩ፦ ቁልፍ ከሆነማ ማንም አይነካውም። ስልክ ላይ ይቁም፣ ትልቅ ስክሪን ላይ ይሂድ። ከዚህ በላይ ንቅንቅ የለም።

የፒያሳው፦ እንግዲህ እስከ ጁምዓ ድምፅ ስጡ። ይልቅ የሐይቁን ገዳም ከውሃው በኩል ያነሳ ሰው አለ? የያዝነው ፎቶ ግማሹ የመብራት ምሰሶ ነው።