ቀለበት የሌለውን ተጫዋች ለልጆች እንዴት ላስተምር?

አሰልጣኙ፦

ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችን ቅርጫት ኳስ ማሠልጠን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት ፒክ ኤንድ ሮል (አንዱ ተከላካዩን በአካሉ ጋርዶ ለጓደኛው መንገድ ከፍቶ ወደ ቅርጫቱ የሚዞርበት ጨዋታ) ላስተምራቸው ብዬ በአሜሪካው ኤንቢኤ የተጫወተውን የጆን ስቶክተንን ቪዲዮ ከፈትኩ። ተከላካዩ በጓደኛው በካርል ማሎን ትከሻ ተጋርዶ ሲቀር፣ ስቶክተን ኳሷን ከመሬት አንጥሮ በሁለት ሰው መሀል ሲያሾልካት። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ከልጆቹ ሁሉ ጎበዙ "ስንት ቀለበት አለው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ቀለበት የሊጉን ዋንጫ ላነሳ ተጫዋች የሚሰጥ ነው። "የለውም" አልኩት። ከዚያ በኋላ ቪዲዮውን ማየት ተወ።

ነገሩ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ስቶክተን እኮ 19 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 15,806 አሲስት (ጓደኛ እንዲያገባ የሚያደርግ ቅብብል) ያደረገ፣ ማንም ያልደረሰበት ሰው ነው። በ1997ም በ1998ም ከዩታ ጃዝ ጋር ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ በጆርዳኑ ቺካጎ ቡልስ 4 ለ 2 ተሸነፈ (ፍጻሜው አራት ጨዋታ ቀድሞ ላሸነፈ ነው)። በ1998ቱ ስድስተኛ ጨዋታ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር ባለ ሦስት ነጥብ አግብቶ ጃዝን 86 ለ 83 እንዲመራ ያደረገው እሱ ነው። ከዚያ ጆርዳን አገባ፣ ኳሷን ከማሎን እጅ ነጠቀ፣ 5.2 ሰከንድ ሲቀር ደግሞ አገባ። 87 ለ 86። የመጨረሻዋን ኳስ ስቶክተን ወረወራት፣ አልገባችም። ብትገባ ኖሮ ሰባተኛ ጨዋታ ይኖር ነበር።

ዋንጫ ዋጋ የለውም ልለው አልችልም፤ እኔም አላምንበትም። ግን የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ ቃል ሲዘጋ ያመኛል። እናንተ ብትሆኑ ለዚያ ልጅ ምን ትሉታላችሁ?

የድሮው ሴንተር፦

ልጄ፣ ሐዘንህ ይገባኛል። ልጁ ግን ያለ ነገር አልጠየቀም። የቦስተን ሴልቲክሱን ቢል ራስልን ውሰድ። በ13 ዓመት 11 ዋንጫ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እየተጫወተም እያሠለጠነም። ሰባተኛ ጨዋታ 10 ጊዜ ገጥሞት 10ሩንም አሸንፏል። ይህን ዕድል ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በጨዋታ በአማካይ ያገባው 15 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። የተወረወረ ኳስ ሲያግድ (ብሎክ ሲያደርግ) እንኳ ኳሷን ወደ ተመልካች አይሰዳትም፤ ለጓደኛው እንድትደርስ አድርጎ ነው የሚመታት፣ ቦስተን ከዚያው ተነስቶ እንዲሮጥ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በ1961-62 ዊልት ቻምበርሊን በጨዋታ በአማካይ 50.4 ነጥብ አገባ። የዚያ ዓመት ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) ግን ራስል ነው። ያኔ ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ ጋዜጠኞች ሳይሆኑ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። በየምሽቱ ከሁለቱም ጋር የሚጋፉት ሰዎች ማሸነፍ ከማን እንደሚመጣ ያውቁ ነበር።

አሰልጣኙ፦

ጋሼ፣ የተጫዋቾቹን ድምፅ ያነሱት ነገር ልክ ነው፤ አልከራከርዎትም። ግን እዚያው 1962 ላይ እንቆይ። ፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ፣ 100 እኩል፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የሌከርሱ ፍራንክ ሴልቪ ወርውሮ ሳተ። ቦስተን በተጨማሪ ሰዓት 110 ለ 107 አሸነፈ። ራስል በዚያ ምሽት 30 ነጥብና 40 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ነበረው፤ ክብሩን ማንም አይነካበትም። ነገር ግን ከሁለት ጨዋታ በፊት ኤልጂን ቤይለር ለሌከርስ 61 ነጥብ አግብቶ ነበር፤ በፍጻሜ ጨዋታ እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ቁጥር ነው። የሴልቪ ኳስ ብትገባ ቤይለር ባለ ቀለበት ይሆን ነበር። ስምንት ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ አንዴም አላሸነፈም። በ1971 ጉልበቱ እምቢ ብሎት ጫማውን ሲሰቅል፣ ሌከርስ ከዚያ ቀጥሎ 33 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በ1972 ዋንጫውን በላ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ባለ41፦

ወንድሜ፣ እኔ የዳላሱ የዲርክ ኖዊትስኪ ሰው ነኝ። ዋንጫ የሰውን ስም እንዴት እንደሚቀይር በዓይኔ አይቻለሁ። በ2006 ዳላስ 2 ለ 0 መርቶ 4 ለ 2 በማያሚ ተሸነፈ። በ2007 ዲርክ ኤምቪፒ ሆኖ ቡድኑ በመጀመሪያው ዙር በምድቡ ስምንተኛ ሆኖ ባለፈው በጎልደን ስቴት ወደቀ። ያኔ ያልተባለ ነገር የለም። ልስልስ፣ ፈሪ፣ ወሳኝ ሰዓት ላይ የማይገኝ። በ2011 ያንኑ ማያሚን አሸነፈና እነዚያው ሰዎች "ከታላላቆቹ አንዱ" አሉት። ያ በአንድ እግሩ ወደ ኋላ እየወደቀ የሚወረውረው ኳስ ግን ያው የድሮው ነው።

የመጨረሻውን ጨዋታ ደግሞ ሰዎች ይረሱታል። ዲርክ በመጀመሪያው አጋማሽ 12 ወርውሮ ያገባው አንዷን ብቻ ነው። ቡድኑን ተሸክሞ ያቆየው 27 ነጥብ ያገባው ጄሰን ቴሪ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ዲርክ ብቻውን ሊያለቅስ ወደ መልበሻ ክፍል ሲገባ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ቀለበት ምንም አይደለም የሚለኝን ሰው ይህን ምሽት እንዲያይ እነግረዋለሁ። ግን ቴሪ ያን ቀን ባይኖር ዲርክ ዛሬም "ልስልሱ" ነበር።

ስፐርስ21፦

ስለ 2013 ልጻፍ፣ ቢያመኝም። የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ፣ 28 ሰከንድ ሲቀረው እኛ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ማያሚን በ5 ነጥብ እየመራን ነበር። የማያሚው ሌብሮን ሦስት ነጥብ አገባ፣ እኛ በቅጣት ምት አንድ ጨመርን፣ ቀጥሎ እሱ ሌላ ሦስት ነጥብ ወርውሮ ሳተ። ክሪስ ቦሽ ሪባውንዱን ያዘና ወደ ጥግ ለሚያፈገፍገው ለሬይ አለን ሰጠው፤ አለን ሦስት ነጥብ አገባ። 5.2 ሰከንድ ሲቀር 95 እኩል። የእኛው ቲም ዱንካን ያኔ ተቀይሮ ወንበር ላይ ነበር። ቦሽ ያችን ኳስ ባይዝ ዱንካን ዛሬ እንደ ጆርዳን ስድስት ዋንጫ ይኖረው ነበር፤ ሌብሮን ደግሞ አራት ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱን የተሸነፈ ሰው ይባል ነበር። በሰባተኛው ጨዋታ ሌብሮን 37 ነጥብ አግብቶ ሥራውን ሠርቷል፣ ያን አልክድም። እዚያ ያደረሰው ግን የሌላ ሰው እጅ ነው።

አሰልጣኙ፦

እህቴም ወንድሜም፣ ጋሼም፣ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ልምምድ አለን። ያ ልጅ የሚጫወተው ቅርጫቱ ሥር ነው፤ ቁመቱም ጉልበቱም አለው፣ ግን ራሱ ካልወረወረ ሪባውንድ አይጋፋም። ስቶክተንን ለጊዜው ላቆየውና የ2013ቱን ሩብ ደቂቃ ልከፍትለት ነው። ሌብሮን ሊወረውር ሲል አቁሜ "6 ቁጥርን ተወው፣ 34ንም ተወው፣ 1 ቁጥርን ብቻ ተከተል" እለዋለሁ፤ 6 ሌብሮን፣ 34 አለን፣ 1 ደግሞ ቦሽ ነው። ከዚያ ስንት ቀለበት አለው ብሎ ቢጠይቀኝ መልሱን ይዤ እጠብቀዋለሁ።