የሙዝ ዳቦዬ መሀሉ እየሰመጠ አስቸገረኝ

የከዚራዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። በዚህ ሙቀት ከቀፊራ የገዛሁት ሙዝ ሦስት ቀን ሳይሞላው ይጠቁራል፤ ልጆቹ ደግሞ የጠቆረ አይነኩም። መጣሉ ቢያንገበግበኝ የሙዝ ዳቦ መጋገር ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ኦቨን ውስጥ ሳለ ያምራል፣ ሲወጣ መሀሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሰምጣል። ጠርዙ ጠቁሮ ሆዱ ሊጥ ነው፤ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል። የማስገባው አምስት ሙዝ፣ ሁለት ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይትና አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ኦቨኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ነው፤ በ200 ዲግሪ 40 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የኦቨኑ?

ዳቦ ጋጋሪው፦ እኅቴ፣ ማንኪያ ያልሽው የሻይ ነው የሾርባ?

የከዚራዋ፦ የሾርባ። በደንብ እንዲነፋ ብዬ ነው።

ዳቦ ጋጋሪው፦ እንግዲያው ሳሙናው ከዚያ ነው የመጣው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሦስት የሻይ ማንኪያ ነው፤ ለሁለት ብርጭቆ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሶዳው ከሙዙ አሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል። ሲበዛ ሊጡ በአንድ ጊዜ ይነፋና መሀሉ ሳይጸና ጋዙ አምልጦ ይወድቃል። አሲድ ያላገኘው ትርፍ ደግሞ ምላስ ላይ ይቀራል፤ ጠርዙንም ያጠቁራል። ቤኪንግ ፓውደር ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አይጎዳሽም ነበር፤ ሶዳው ሦስት አራት እጥፍ ይበረታል።
ኦቨንሽም ከነገሩ የጸዳ አይደለም። በትንሽ ኦቨን ውስጥ የሚግለው ሽቦ ለዳቦው ቅርብ ስለሆነ ውስጡ ሳይደርስ ላዩ ያራል። ወደ 170 አውርጂውና አንድ ሰዓት ስጪው። ላዩ ቶሎ ከቀላ ፎይል ጣል አድርጊበት። መጀመሪያዎቹን 40 ደቂቃዎች በሩን አትክፈቺ። ከዚያ በኋላ ስቴኪኒ መሀሉ ላይ ወግተሽ ሊጥ ካልያዘ በስሏል።

የሳቢያን እናት፦ ልጄ፣ እኔ ግን ሙዙንም እከሳለሁ። አምስት ሙዝ ለሁለት ብርጭቆ ዱቄት ውሃ ማፍሰስ ነው። አንዱ ሙዝ ጣት፣ ሌላው ክንድ ስለሚያህል በቁጥር አትሂጂ፤ ፈጭተሽ በብርጭቆ ለኪው፣ ከአንድ ተኩል አይለፍ። የተረፈውን ልጠሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው፤ ለሚቀጥለው ይሆናል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ደግሞ እንደ ገንፎ አታገንፊው። ነጩ ዱቄት ሲጠፋ እጅሽን አንሺ፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ሄል ትንሽ ጣል ብታደርጊበት ቀረፋን ያስረሳሻል።

የጀጎል ልጅ፦ እኔ ሐረር ነኝ። ከተማችን ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ጋዙ ይበልጥ ይለጠጣል። ስለዚህ ድሬ ያለችው እኅቴ የምትለካውን ሶዳ ሩቡን ቀንሼ ነው የምጨምረው።
መብራት ቢጠፋብሽ ሊጡን አትድፊው። ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ አንጥፊና ከድነሽ ከሰል ላይ 15 ደቂቃ አሙቂው። መጋገሪያውን ድስቱ ውስጥ በሦስት ጠጠሮች ላይ አስቀምጪ፤ ከታች ለስለስ ያለ ፍም፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ጥቂት። የድፎ ዳቦ ብልሃት ነው። ብቻ ውጭ ይሁን፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል።

የከዚራዋ፦ ተባረኩ! ትናንት ማታ ጋገርኩ። አልሰመጠም፣ ሳሙናውም ጠፍቷል፤ ልጆቹ ሳይቀዘቅዝ ግማሹን ጨረሱት። ሥሩ ብቻ ርጥብ ሆነብኝ።

ዳቦ ጋጋሪው፦ መጋገሪያው ውስጥ ትተሽው ይሆናል፤ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ወደ ሥር ይመለሳል። 10 ደቂቃ ጠብቀሽ አውጪውና የተገለበጠ ወንፊት ላይ አቀዝቅዢው።

የከዚራዋ፦ ወንፊቱን ጎረቤት ወስዳዋለች። ላስመልስና እሞክራለሁ።