የሳንቲሙ ሁለት ፊቶች አልስማማ አሉኝ፤ ደረጃ በመስጠት እርዱኝ

ወገኖች፣ ብዙ እጅ ያለፈበት አንድ የብር ሳንቲም አለኝ፤ ደረጃውን መወሰን አቃተኝ። የፊቱ ምስል ዝርዝሩ ቢጠፋም ቅርጹ ሙሉ ነው፤ ዓመቱም ጽሑፉም ጥርት ብሎ ይነበባል። የሳንቲምን ይዞታ በጣም ካለቀው 1 እስከ እንከን የለሹ 70 በሚለካው የሼልደን መለኪያ 8 ብሰጠው ቅር አይለኝም። ጀርባው ግን ጠርዙ አልቆ የፊደሎቹን አናት በልቷቸዋል፤ እሱ ብቻውን ቢሆን ከ3 አያልፍም።

መጀመሪያ ሲቀረጽ በደንብ አልተመታ ይሆን ብዬ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ያልተመታ ቦታ ሻካራ እንደሆነ ይቆያል፤ ይሄ ግን ልሙጥ ነው፣ ስለዚህ ያለቀው በአገልግሎት ይመስለኛል።

መዝገቤ ላይ ዝቅተኛውን ልጻፍ ወይስ ሁለቱን ለየብቻ? እጠበው የሚሉኝም አሉ፤ ያንን በፍጹም አላደርገውም፣ ጥቁረቱን እወደዋለሁ። እንዲህ ያለ ሳንቲም ያላችሁ እንዴት መዘገባችሁት?