ለትንሽ ፎቶ ቤት የሚሆን ርካሽ የስቱዲዮ ፍላሽ የቱ ነው?

የማራኪዋ ፎቶ ቤት፦
እንዴት ናችሁ? ጎንደር ማራኪ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ክፍሏ ሦስት በአምስት ናት፤ ጣራዋ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳዋ ነጭ። አብዛኛው ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ነው። ምርቃት ሲደርስ ተማሪው ጋዋኑን ለብሶ ከነቤተሰቡ ይመጣል። ጥር ላይ ደግሞ ሙሽራና ሚዜ ነው።

እስካሁን የምሠራው በኤልኢዲ ነው። ጭንቀቴ ሕፃን ልጅ ሲመጣ ነው። አይሶ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ አድርጌ ስጠብቅ፣ ልጁ ዞር ካለ አለቀ፤ ፎቶው ይደበዝዛል። ስለዚህ ፍላሽ ልገዛ ቆርጫለሁ። ያለኝ ብር ሁለት ባለ 300 ዋት ሰከንድ (የፍላሽ ኃይል የሚለካበት) የጎዶክስ ፍላሽ፣ ወይም አንድ ባለ 600 ይገዛል። ባለ ባትሪውንም አይቼዋለሁ፤ እሱስ አንዱ ራሱ ኪስ ያራቁታል። ካሜራዬ ካኖን 2000ዲ ነው። መብራት እንደምታውቁት ነው፣ ይሄዳል ይመጣል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ካሜራ በትከሻ፦
ባለ 600ውን ግዢና ተገላገይ። ኃይል ቢተርፍ ይቀነሳል፤ ቢያንስ ግን ከየት ይመጣል?

የፊልም ዘመን ሰው፦
ካሜራ በትከሻ፣ «ቢተርፍ ይቀነሳል» ያልኸው ለእሷ ክፍል አይሆንም። እስቲ እናስላው።

የባለ 300ው ጎዶክስ ኤስኬ300-2 ጋይድ ነምበሩ፣ ማለትም በርቀት ሲካፈል ኤፍን የሚሰጠው ቁጥር፣ በራሱ ሪፍሌክተር 58 ነው፣ አይሶ 100 ላይ። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሰውየው ሁለት ሜትር ርቆ ቢቀመጥ ኤፍ 29 ማለት ነው። ሶፍትቦክስ (ብርሃኑን የሚያለሰልሰው የጨርቅ ሳጥን) ሲገባበት ሁለት ስቶፕ ገደማ ይበላል፣ አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል፤ ኤፍ 14 ይቀራል። አሁን ኃይሉን ወደ ታች አውርደው። ይሄ ፍላሽ የሚወርደው እስከ 1/16 ብቻ ነው። ያ ማለት ኤፍ 3.5 አካባቢ ነው። ባለ 600ውም እስከ 1/16 ብቻ የሚወርድ ከሆነ ከኤፍ 5 በታች አይወርድልህም። ሙሽራይቱን ከኋላዋ ያለውን አደብዝዤ ላንሳት ስትል መብራቱ በዛብኝ ብለህ ትቆማለህ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ችግሩ የኃይል ማነስ ሆኖ አያውቅም።

ደግሞ ከ300 ወደ 600 መሄድ የሚያስገኘው አንድ ስቶፕ ነው። አይሶን ከ100 ወደ 200 ብታደርጊው ያው ነው፣ ያውም በነፃ።

ስለዚህ እህቴ፣ እኔ ብሆን አንድ ባለ 300 እገዛለሁ። ሁለተኛው ከጥር ገቢ ይመጣል። በተረፈው ብር ምን ግዢ መሰለሽ? አንደኛ ትልቅ ሶፍትቦክስ፣ 120 ሳንቲ ሜትር ኦክታ (ባለ ስምንት ጎኑ) ቢሆን ደስ ይለኛል። ፊት የሚያምረው በፍላሹ ሳይሆን በእሱ ነው። ሁለተኛ ጠንካራ ስታንድ። ሦስተኛ ስታብላይዘር። ሻጩ ስለ ስታብላይዘር አያነሳልሽም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ በምን ዓይነት ቮልቴጅ እንደሚመለስ ግን አንቺም እኔም እናውቃለን። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀዪው።

የፍላሹን አፍ፣ ሶፍትቦክሱ የሚገጠምበትን፣ እይው። የቦወንስ አፍ ያለውን ብቻ ግዢ። ቦወንስ የእንግሊዝ ድርጅት ነበር፣ በ1923 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ2017 ተዘጋ። አፉ ግን ቀረ፤ ዛሬ ብዙው ርካሽ ፍላሽና ሶፍትቦክስ በእሱ ልክ ነው የሚሠራው። ስሙ የማይታወቅ ፍላሽ በራሱ አፍ ገዝተሽ ሶፍትቦክሱ ቢቀደድ፣ ምትኩን ጎንደር ቀርቶ አዲስ አበባም ላታገኚው ትችያለሽ።

ነጭ ግድግዳሽ ደግሞ መብራቱን ከየአቅጣጫው ይመልሰዋል። ለሕፃንና ለጉርድ ፎቶ ጥሩ ነው። ለሙሽራ ግን ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል። ከጥላው በኩል ጥቁር ጨርቅ ስቀይ። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ስትመጣ ሶፍትቦክሱን ቀጥታ ወደ ቀሚሱ አታዙሪው፤ ከፍ አድርገሽ ወደ ፊቷ አዘንብዪው። ያለበለዚያ ጥልፉ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ ባለቤቷም ጥልፉ የት ገባ ትልሻለች። ጋዋን በተቃራኒው ነው፤ ጥቁሩ ከኋላው ጥቁር ጋር እንዳይቀላቀል በጎን በኩል ነጭ ፎም አቁሚለት።

አዘዞ ሰርግ፦
ጋሼ የተናገሩት ለቤት ውስጥ ልክ ነው። ውጭ ግን ነገሩ ይለያል። ሙሽሮች ፋሲል ግቢ ካልወሰድከን ይላሉ። እኔ ባለ 200 ዋት ሰከንድ ጎዶክስ ኤዲ200 ነው የምይዘው። ባትሪው ሲሞላ በሙሉ ኃይል 500 ጊዜ ያህል ይበራል ይባላል፣ ለአንድ ሰርግ ይተርፋል። እኩለ ቀን ላይ ግን ከፀሐይ ጋር አትታገይ። ሲንክ፣ ማለትም ካሜራሽ ከፍላሽ ጋር የሚሠራበት ፈጣኑ ሹተር፣ 1/200 ነው፤ በአይሶ 100 ሌንሱን ኤፍ 11 አካባቢ መዝጋት ግድ ነው፣ ትንሹ ፍላሽ ደግሞ በጣም ካልቀረበ አይደርስም። የግንቡን ጥላ ፈልጊ። ስታንዱ ላይ ድንጋይ የሞላ ቦርሳ ማንጠልጠል አትርሺ፣ ነፋሱ አይምርም።

አንድ ነገር ማንም አላነሳም። 2000ዲ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ መሃል ላይ ያለችው ክብ ነጥብ የለችውም። ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳው ተራ ርካሽ ትሪገር በእሷ በኩል ነው የሚተኩሰው፤ ስለዚህ ያንቺ ካሜራ ላይ አይሠራም። ለካኖን የተሠራውን፣ ስሙ መጨረሻ ላይ «ሲ» (C) ያለበትን ጠይቂ። ካሜራሽን ይዘሽ ሂጂና ሱቁ ውስጥ አስተኩሺው።

የማራኪዋ ፎቶ ቤት፦
አሁን ካሜራዬን ገልብጬ አየሁት፣ እውነትም የለም! ተባረክ ወንድሜ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ባለ 300 እና ትልቅ ኦክታ አልሁ። ግን አንድ ጓደኛዬ ያገለገለ አለ ይለኛል፣ በግማሽ ዋጋ። ልየው እንዴ?

የፊልም ዘመን ሰው፦
እይው፣ ምን ከፋ። ሲሰካ ዝቅተኛው ኃይል ላይ አድርገሽ ጀምሪ፤ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ የተቀመጠ ካፓሲተር (ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅመው ክፍል) በአንዴ ሙሉ ኃይል አይወድም። ከዚያ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ሙሉው ላይ ስትደርሺ ነጭ ወረቀት እያነሳሽ ደጋግመሽ ተኩሺ። ፎቶዎቹ አንዱ ደመቅ አንዱ ፈዘዝ ካሉ፣ ወይም ቀለማቸው ከተለያየ፣ አትግዢው። ማራገቢያው መዞሩን በጆሮሽ ስሚ። ሻጩ «ከፍቼ ላሳይሽ» ካለሽ እምቢ በዪ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። የመስታወቱ ቱቦ ጫፍና ጫፉ ከጠቆረ ብዙ ሠርቷል ማለት ነው። ያኔ ዋጋውን እንዲቀንስልሽ ተከራከሪ፤ ካልቀነሰ ተይው። ቱቦው ለብቻው ይሸጣል፣ ግን ማዘዝ ይኖርብሻል።