ተጫዋቾቼ ሞትን መፍራት ትተዋል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አራት ጓደኞቼን ሰብስቤ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን በአማርኛ አጫውታለሁ፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ዕጣውን በዳይስ የሚወስንበት የምናብ ጨዋታ ነው። የምንከተለው በ2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣውን አምስተኛውን እትም ነው። ዓለሙን የሠራሁት ከአገራችን ነው፦ ጭራቆቹ ጮቄ ተራራ ላይ ይኖራሉ፤ ሰከላ ያለው የግሽ ዓባይ ምንጭ የማይድን ቁስል ይፈውሳል። ጸበል ነውና በልቶ የመጣ ግን አይቀርበውም።

ችግሬ ገንዘባቸው ነው። ገጸ ባሕርያቸው በጨዋታው የችሎታ መለኪያ አምስተኛ ደረጃ ደርሰዋል፤ በጋራ 1800 ወርቅ አላቸው። በጨዋታው ሕግ «የተመቸ» የሚባለው የኑሮ ደረጃ ለአንድ ሰው በቀን 2 ወርቅ ነው፤ ለአራቱ በወር 240 ብቻ። ባለፈው ቅዳሜ የአንደኛው ገጸ ባሕርይ ቆስሎ ሳለ በዳይስ የሚጣለውን የሞት ዕጣ ሦስት ጊዜ ወድቆ ሞተ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ካህን ሆኖ የሚጫወተው 300 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝ አውጥቶ በአስማት አስነሣው። ማንም አልደነገጠም፤ የሟቹ ተጫዋች ራሱ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር።

የኑሮውን ወጪ እጥፍ አደረግሁት፤ ሳያንገራግሩ ከፈሉ። ግብር የሚሰበስብ ጭቃ ሹም ላክሁባቸው፤ ገደሉት፣ በቅሎውንም ሸጡት። አልማዝ ከገበያ አጠፋሁ፤ ይህ ግን ቂም መሰለብኝና መለስሁት።

የሠራልኝ ጾሙ ብቻ ነው። ጥብስና ጠጅ ለምደው ከምንጩ ደጃፍ ሲመለሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ይህን ፍርሃት ወደ መላው ጨዋታ ማስፋት እፈልጋለሁ።

በድሎት የሚኖረው ከጸበሉ እንዲርቅ፣ በድህነት የሚኖረውም በየቀኑ የሚያጣው ነገር እንዲኖር፣ የኑሮ ደረጃቸውን ከባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ጋር በምን ዓይነት ሕግ ላያይዘው?