ቀዩ ብሬን ኮራሌ እየገረጣብኝ ነው፤ ምን ላብላው?

ሰናይት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎን ውስጥ 150 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሽሪምፕና አራት ኮራል አሉበት። ከስምንት ወር በፊት ደም የመሰለ ብሬን ኮራል (አንጎል የሚመስል ኮራል) ገዛሁ። አሁን ሮዝ ሆኗል። በአንድ በኩል ሥጋው ሸሽቶ የጥፍር ያህል ነጭ አጥንት ይታያል። ሙቀቱ 25.5 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨው 1.025፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 8.5፣ ካልሲየም 420፣ ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ። የሸጠልኝ ሰው «መብራት ይበቃዋል፣ ምግብ አያሻውም» ብሎኝ ነበር። እባካችሁ ሳይሞትብኝ ድረሱልኝ።

የምጽዋው፦
እህቴ፣ አይዞሽ። የጥፍር ያህል ከሆነ ገና አልረፈደም። ቁጥሮችሽ ደህና ናቸው፤ ያስደነገጡኝ ሁለቱ ዜሮዎች ናቸው።

ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ስኳር ይሠሩለታል። ያ ጉልበት ይሆነዋል። ሥጋ ለመሥራት ግን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋል። እነሱን የሚያገኘው ከናይትሬት፣ ከፎስፌትና ከምግብ ነው። ውሃሽ ውስጥ ሁለቱም ዜሮ ናቸው፣ አንቺም አታበይውም። ታዲያ ከየት ያምጣ?

እኔ ያደግሁት ምጽዋ ነው። ማታ በባትሪ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ስናይ፣ ቀን ድንጋይ የሚመስለው ሁሉ ጣቱን ዘርግቶ ይጠብቃል። ያንቺም እንደዚያው ነው። መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀረብ ብለሽ እዪው። ዙሪያውን ትንንሽ ጣቶች ካወጣ ምግብ እየፈለገ ነው።

ያኔ በረዶ የሆነ ሚሲስ ሽሪምፕ (ለዓሣ ምግብነት የሚሸጥ ሽሪምፕ መሰል ትንሽ እንስሳ) በስኒ ውስጥ በአኳሪየሙ ውሃ አሟሚና ፈሳሹን ድፊው። ፓምፖቹን አጥፊ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሁለት ሦስት ሚሲስ ብቻ ቀስ ብለሽ ላዩ ላይ ጣይለት። ጉርሻው ከበዛ መልሶ ይተፋዋል። ሽሪምፕሽ ደግሞ መጥቶ ካፉ ይነጥቀዋል። እኔ እንዳይነጠቅ የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሹን ቆርጬ ኮራሉን እከድንበታለሁ፤ በጠርሙሱ አፍ በኩል አጎርሰዋለሁ። 20 ደቂቃ ታገሺው፣ ከዚያ ፓምፑን ማብራት አትርሺ። በሳምንት ሁለቴ ይበቃል።

አንድ ጥያቄ፦ ማጣሪያሽ ውስጥ ፎስፌት የሚመጥ ነገር አለ? ኮራሉስ ድንጋይ ላይ ነው ወይስ አሸዋ ላይ?

ሰናይት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ ፎስፌት መምጠጫ አለ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ኮራሉ ድንጋይ ላይ ነው፣ ከፍ ብሎ፣ መብራቱ ሥር።

የምጽዋው፦
መምጠጫውን ዛሬውኑ አውጪው። ኮራሉን አሸዋው ላይ አውርጂው፤ ሥጋው ሲያብጥ ድንጋይ ይልጠዋል። የገረጣ ኮራል ጠንካራ ብርሃንም አይችልም። ናይትሬት 5፣ ፎስፌት 0.05 አካባቢ እስኪደርስ በየሳምንቱ ለኪ፣ አትቸኩዪ።

ዳዊት (አትላንታ)፦
በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። መብላት ሲጀምር ያድጋል፤ ሲያድግ አጥንት ይሠራል፤ ለአጥንቱ ካልሲየምና አልካሊኒቲ ከውሃው ይወስዳል። አልካሊኒቲው 8.5 ይሁን 9 ግድ የለም፣ ብቻ አይዋዥቅ። እኔ 7 የነበረውን በአንድ ሌሊት 10 አድርሼ፣ ሁለት ዓመት ያሳደግኩት አክሮፖራ (ቅርንጫፍ ያለው ኮራል) ከጫፉ እየነጣ በአራት ቀን አለቀ። እስካሁን ይቆጨኛል። ዝቅ ካለብሽ በቀን ከ0.5 በላይ አትጨምሪ።

ሰናይት (ከስድስት ሳምንት በኋላ)፦
ናይትሬት 4፣ ፎስፌት 0.04 ደርሷል። መስታወቱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ይይዛል፣ በየሦስት ቀኑ እጠርገዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምግቡን አልነካም፤ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ማታ ጣቶቹ አንዷን ሚሲስ ያዟት፣ ቀስ እያሉ ወደ መሃል ወሰዷት፣ አፉ ተከፈተና ገባች። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ባለቤቴን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሳየሁት። ነጩ አጥንት አልሰፋም፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ወጥቷል። ሌላውን፣ ጫፉ መዶሻ የሚመስለውን ሐመር ኮራሌንስ እንደዚሁ ላጉርሰው?

የምጽዋው፦
እሰይ! አዎ፣ ግን ለሱ ሚሲሱን በምላጭ ክፈዪለት፤ አፉ ጠባብ ነው።