ጥይት መሙላት «እጅ ሥራ» ነው?

እናት ከአራት ኪሎ፦
ባለፈው እሑድ ከእድር ስብሰባ በኋላ ቡና ላይ የተባለውን ከሰማሁ ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው። ከአሜሪካ ለዘመድ ጥየቃ የመጣው እንግዳ እዚያ ቤቱ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ እየሰበሰበ በባሩድና በአረር እንደገና እንደሚሞላ፣ ለዚህም ምን ምን ዕቃ እንደገዛ ለወጣቶቹ ሲያስረዳ አመሸ። እሱ በአገሩ ቢሞላ አገሩ ፈቅዶለታል፤ እኔን አያገባኝም። የከፋኝ መጨረሻ ላይ «እንደ ማንኛውም እጅ ሥራ ነው፤ እዚህም ፈቃድ ላላቸው አዳኞች ቢፈቀድ ማንን ይጎዳል?» ማለቱ ነው። ሦስት ወጣቶች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ የእኔ ልጅ ነው። እኛ የምንኖረው ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን ነው፤ ጎረቤቴ ሽንኩርት ስታቁላላ ዓይኔ የሚያነባው የእኔ ነው። በዚህ መካከል ባሩድ የት ነው የሚቀመጠው? መልስ ያለው ይመልስልኝ።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
እትዬ፣ እንግዳው የአክስቴ ልጅ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። «ፈቃድ ላላቸው» ማለቱን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፤ ታዲያ ለምን ለመንደሩ ሁሉ ባሩድ ይታደል እንዳለ አድርገው ያቀርቡታል? ሥራውን ቢያዩት ሐሳብዎ ይለወጥ ነበር። እያንዳንዱን ቀለህ ያጥባል፤ አንገቱ ላይ ስንጥቅ እንዳለ በብርሃን ያያል፤ ተኩሱ ያሰፋውን ወደ ልኩ ይመልሳል፤ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ትንሹን አሮጌ መለኮሻ ከቂጡ አውጥቶ አዲስ ያስገባል፤ ባሩዱን መዝኖ ይጨምራል፤ በመጨረሻ አረሩን ይተክላል። ፋብሪካ ለሁሉም ጠመንጃ የሚሆን አንድ ልክ ይሠራል። እሱ ግን የራሱ ጠመንጃ የትኛውን ልክ እንደሚወድ በትዕግሥት ፈልጎ ያገኛል። ይህ እጅ ሥራ ካልሆነ እጅ ሥራ ምንድን ነው?

የዶሮ ማነቂያዋ፦
እጅ ሥራ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ከእናቴ ኪሮሽ ተቀብዬ ዳንቴል ስሠራ ዘመኔን ጨርሻለሁ። አንድ ዓይን ከዘለልኩ እተረትረዋለሁ፤ እንደገና እጀምራለሁ። የጠፋው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጥይት ላይ አንድ ነገር የዘለለ ሰው የሚተረተረው ምኑ ነው?

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
ዳንቴል ብቻ ነው እጅ ሥራ ያለው ማን ነው? አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ አበጅተዋል፤ ጠመንጃም ጠግነዋል። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከእንደ እሳቸው ዓይነት ሰዎች ነው። በዚህ አገር ባለ እጅ ሲሰደብ፣ ቡዳ ሲባል ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ስለከፋ ነው። አሁንም እሳትና ብረት የነካ ሥራ ሲነሣ ፊት የሚዞረው ያው የድሮው ንቀት ስላልለቀቀን ይመስለኛል።

የዶሮ ማነቂያዋ፦
አያትህን አልነካሁም። ከአያትህ ጀርባ ተደብቀህ አትመልስልኝ። እኔ ስለ ባሩድ ጠየቅሁ፤ አንተ ስለ ስድብ መለስክ።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ይህ ዕቃ በእጄ ያለፈ ሰው ነኝና አንድ ነገር ላስረዳ። እንግዳው የሚሞላው የናስ ቀለህ ነው። እኛ አገር በብዛት የሚታየው የክላሽ ጥይት ደግሞ፣ በተለይ የሶቪየት ሥሪቱ፣ ቀለሁ ብረት ነው። የተተኮሰ ቀለህ ያገኘ ሰው በአፉ በኩል ወደ ውስጥ በባትሪ ይመልከት፤ ከታች ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ይታዩታል፤ በመካከላቸው ያለችው ጉብታ የቀለሁ የራሱ አካል ናት። ይህ የቤርዳን አሠራር ይባላል። የእንግዳው ቀለህ መካከሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ እሱ የቦክሰር ነው። አንድ ቀዳዳ ያለውን በቀጭን ዘንግ ከውስጥ ገፍተው አሮጌውን መለኮሻ ይጥሉታል። ሁለት ቀዳዳ ባለው ላይ ያ ዘንግ ጉብታውን መትቶ ይሰበራል። ቤርዳን አሜሪካዊ ነበር፤ ቦክሰር እንግሊዛዊ። አሜሪካኖች ግን የእንግሊዙን ያዙ፤ አብዛኛው አውሮፓና ሶቪየት የአሜሪካዊውን። ስለዚህ ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ቢመጣ እንኳ መንደራችን ባለው ቀለህ ላይ ብዙ አይሠራም። ወጣቶቹ ይህን ሳያውቁ ነው ራሳቸውን የነቀነቁት።

ራሱን የነቀነቀው፦
እማዬ፣ እኔ ነኝ። መቶ አለቃ፣ ስላስረዱን አመሰግናለሁ፤ የቀዳዳውን ነገር አላውቅም ነበር። ራሴን የነቀነቅሁት ጥይት አማሮኝ አይደለም። የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ካሊፐር ይዤ የምውል ሰው ነኝ። እንግዳው የቀለሁን ርዝመት እስከ ሚሊ ሜትር መቶኛ እንደሚለካ ሲናገር ሙያዬን ሰማሁ። ስለ መጭመቂያ ማሽኑም ብዙ ጠየቅሁት። አንዱ ዓይነት በአንድ መጫን አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ ሌላው እየዞረ በእያንዳንዱ መጫን አንድ የተጠናቀቀ ጥይት ያወጣል። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በሥራ ቦታችንም ቢሆን ብዙ የሚያመርተው ማሽን ነው የሚከበረው። ፒያሳም የወርቅ ሚዛን አይጠፋም፤ ለመመዘኛ አንቸገርም።

እናት ከአራት ኪሎ፦
«እኔ ብሆን» አልክ? ቤት እንነጋገራለን።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
ወንድሜ፣ የአክስቴ ልጅ ራሱ የሚመክረው የመጀመሪያውን ነው። ጀማሪ ሰው በዚያ በሚዞረው ከጀመረ ዓይኑ አራት አምስት ቦታ ይበታተናል። በአንድ ሥራ ማሽኑ ግን ሃምሳውን ቀለህ አንድ በአንድ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ሁሉንም ቀዳዳ ባለው የእንጨት ገበታ ላይ ያቆማቸዋል፤ ባሩዱን ጨምሮ ሲጨርስ አረር ሳይተክል በባትሪ ከላይ ያያቸዋል። ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ ካለ ሁሉንም ይደፋና እንደገና ይመዝናል። ይህን የሚያደርግ ሰው ግድ የለሽ ነው የሚለኝ ይምጣ።

ባለ ሚዛኑ፦
የወርቅ ሚዛን ስለተነሣ ልናገር። ከፒያሳ ከተነሣሁ በኋላም ሚዛኔ አብሮኝ ነው፤ ስለዚህ የማውቀውን ነው የምናገረው። የእኔ ሚዛን 0.01 ግራም ያነባል፤ ለቀለበትና ለሐብል ይበቃል። ባሩድ ግን በግሬን ነው የሚመዘነው፤ አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ነው። የሚሞሉ ሰዎች እስከ ግሬን አንድ አሥረኛ ድረስ ይመዝናሉ፤ ይህም 0.0065 ግራም ማለት ነው። የእኔ ሚዛን ያንን ልዩነት አያየውም። ሌላም አለ። የኤሌክትሪክ ሚዛን መብራት ሲቆራረጥ ዜሮውን ይስታል፤ በር ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ያንቀሳቅሰዋል። እኔ ሚዛኔ ሲስት የምከስረው ገንዘብ ነው፤ ደንበኛዬን ይቅርታ ጠይቄ እመልሳለሁ። ስለዚህ ወጣቱ «አንቸገርም» ያለው ልክ አይደለም።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
መብራት የማይፈልግ የጥንቱ ዓይነት ባለ ክንድ ሚዛንም አለ፤ እሱም የግሬን አንድ አሥረኛ ያነባል። የአክስቴ ልጅ በሁለቱም እያመሳከረ ነው የሚሠራው። ደግሞስ ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? የአድዋ አባቶቻችን የውጅግራ ጠመንጃ ቀለህ አልጣሉም፤ መልሰው ሞልተውታል። ጥይት በገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ምንዛሪ ይሄድ የነበረበት አገር ነው። ፋብሪካ ሳይኖራቸው በ1888 ዓ.ም. ያን ድል ያመጡ ሰዎች ልጆች ሆነን ቀለህ መሙላት የፈረንጅ ቅብጠት ነው ስንባል ያሳምማል።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
ልጄ፣ አባቶቻችንን ማንሣትህ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ባሩዱን አምታተኸዋል። ውጅግራ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበሉት ጠመንጃ ነው፤ ጥይቱ የተሠራው በጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ ነው የሚጠቀጠቀው፤ ተሳስቶ እጥፍ ልጨምር የሚል ሰው ከላይ ይፈስበታል፤ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። በ1886 እ.ኤ.አ. ለበን ከሚባለው የፈረንሳዮች ጠመንጃ ጋር የመጣው ጭስ አልባው ባሩድ ግን ጥቂቱ ብዙ ጉልበት አለው። በተለይ በሽጉጥ ቀለህ ውስጥ ግማሹን እንኳ ሳይሞላ ይበቃል። ስልክ ጠርቶት የተዘናጋ ሰው ሁለት ጊዜ ቢጨምርበት ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ሲተኮስ ግን መሣሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል። አባቶቻችን የሠሩትና የአክስትህ ልጅ የሚሠራው በስም ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

የጎደለ ጥይትም አደጋ ነው። ባሩድ የተረሳበትን ጥይት መለኮሻው ብቻውን ይገፋውና አረሩ አፈሙዙ መካከል ላይ ይቀራል። ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ ሌላ ያጎርሳል፤ ሁለተኛው አረር የተቀረቀረውን ሲመታ አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። እንዲህ የሆነ ጠመንጃ በእጄ ይዣለሁ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ጣቴን አፈሙዙ ላይ ሳስኬደው ግን አንድ ቦታ ላይ እንቁላል እንደዋጠ እባብ ሆድ አብጦ አገኘሁት። ባለቤቱ የተረፈው በዕድሉ ነው።

ነርሷ፦
ዕድሉ ያልረዳውን ያየሁት እኔ ነኝ። የት እንደሆነ አልጠቅስም። ሌሊት ላይ ከገጠር ቀኝ እጁን በነጠላ ጠቅልለው አመጡት። በሰው እጅ የተሞላ ጥይት መሆኑን ወንድሙ ነው የነገረኝ፤ እሱ መናገር አልቻለም። ነጠላውን ስፈታ የደረቀው ደም አጣብቆት ስለነበር በውሃ እያራስኩ ነው የለቀቀኝ። ከጉንጩ የናስ ስባሪ በመቆንጠጫ አውጥቻለሁ፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳና የሚያበራ ነበር። «እጅ ሥራ» የሚለውን ቃል ሳነብ የመጣብኝ የዚያ ሰው እጅ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ከዚህ በላይ መከራከር አልችልም።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
እህቴ፣ ለዚያ ሰው ከልቤ አዝናለሁ። ነገር ግን ያ ጥይት የተሞላው በልክ ነው ወይስ በግምት? በማንኪያ ሰፍሮ የሚሞላን ሰውና መጽሐፍ ገልጦ፣ መዝኖ፣ ጽፎ የሚሞላን ሰው ለምን አንድ ላይ ታስራላችሁ? እኔ እኮ የምለው፣ ዛሬ በግምት የሚሞላ ሰው ካለ ወደ ሕግ ገብቶ ይማር ነው። ከልክሎ ዝም ማለት በግምት የሚሞላውን አላስቆመውም።

የካዛንቺሱ፦
ሕግ ስለተባለ። ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 481 የሚያስጠይቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። ስለዚህ ከወጣቶቹ አንዱ ዛሬ ማታ ቤቱ ቢሞክረው ለፖሊስ እጅ ሥራ ነው ብሎ አያመልጥም። በሌላ በኩል ግን የሠራተኛ ሰፈሩ ልጅ ያለው ሐሳብ የትም ያልታየ አይደለም። በአሜሪካ ለራሱ የሚሞላ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ የሚሸጥ ከሆነ ግን ይጠየቃል። በጀርመን ደግሞ ለራሱም ቢሆን ኮርስ ወስዶ፣ ተፈትኖ፣ በፈንጂ ሕጋቸው መሠረት ፈቃድ ካላወጣ ባሩድ አይሸጥለትም። ክርክሩ ይፈቀድ ከሆነ የጀርመኑን ይዘን እንነጋገር፤ የአሜሪካው ለእኛ አይሆንም።

የዶሮ ማነቂያዋ፦
ለማን ብለን ነው ይህን ሁሉ ሕግ የምናወጣው? ደጋ አጋዘን ሊያድን ባሌና አርሲ የሚሄደው በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነው፤ ጥይቱን ከአገሩ ይዞ ይመጣል። መሐል አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሚያድን ማን ነው? ምን ሊያድን?

ራሱን የነቀነቀው፦
እሱ እውነት ነው። እኔም የማውቀው አዳኝ የለም።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
አንተም? ዒላማ መምታት ስፖርት ነው፤ በኦሎምፒክም አለ። ነገ ወጣት ተኳሽ ቢወጣ ልምምዱን በምን ይገፋል? ጥይት በውድ እየገዛ? በየአገሩ ሰዎች ይህን ሥራ የጀመሩት እኮ ብዙ ለመተኮስ ወጪው ስለከበዳቸው ነው።

እናት ከአራት ኪሎ፦
ኦሎምፒክ ድረስ ሄዳችሁ፤ ጀርመንም ደርሳችሁ ተመለሳችሁ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነበር። ባሩዱ የት ይቀመጣል?

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
እትዬ፣ ትናንት ማታ እሱኑ ጠየቅሁልዎ። በመጣበት ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እንዳለ፣ በወፍራም የእንጨት ሳጥን፣ ከእሳትና ከሙቀት ርቆ ነው የሚቀመጠው አለኝ። ታሽጎ የሚቆለፍ የብረት ካዝና ውስጥ አይገባም፤ እሳት ቢነሣ ብረቱ አፍኖ ይዞት እንደ ቦምብ ይፈነዳል፤ እንጨቱ ግን ቶሎ ተከፍቶ እንዲነድ ብቻ ያደርገዋል። እሱ ከመኖሪያ ቤቱ ተነጥሎ በተሠራ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።

እናት ከአራት ኪሎ፦
ስለ ጠየቅህልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። ቤቴ ውስጥ ያለው የእንጨት ሳጥን አንድ ነው፤ የክረምት ልብስ አለበት፤ ያለውም ልጄ ከሚተኛበት አልጋ ሥር ነው። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቴ የከሰል ምድጃ አለ። ከቤቴ ተነጥሎ የተሠራ ነገር ቢኖር የጋራ መጸዳጃ ቤቱ ነው። አሁን የት ላስቀምጠው?

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
እሑድ እሱን ይዤው እመጣለሁ፤ ራሱ ይመልስልዎ።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
እኔም ሁለቱን ዓይነት ቀለህ ይዤ እመጣለሁ። ባትሪ ያላችሁ ባትሪ አምጡ።

የዶሮ ማነቂያዋ፦
ሲመጣ «እጅ ሥራ» የሚለውን ቃል ትቶት ይምጣ።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
አይተወውም። እኔም አልተወውም።